ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል አለቃን ቆልፎ ማሳደር ያዋጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ሥራ ቅነሳ እንወያይ። ሠራተኛ ሊባረር መሆኑን ሲሰማ ምን ያድርግ? ፊርማ ያሰባስብ? ደብዳቤ ይጻፍ? ወይስ በሩን ይዝጋ?

የማነሳው የፈረንሳይን ነገር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ2009 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ እዚያ አገር ፋብሪካ በላይ በላዩ ይዘጋ ጀመር። ማርች 12 ቀን ፖንቶንስ ሱር ላዱር በምትባል የደቡብ ምዕራብ ትንሽ ከተማ የሶኒ ሠራተኞች የኩባንያውን የፈረንሳይ ኃላፊ ሰርዥ ፉሼን ይዘው አሳደሩት። መግቢያውን በግንድ ዘጉ። 311 ሰው ሥራውን ሊያጣ ነበር፤ የጠየቁት የተሻለ ካሳ ነው። በማግስቱ ለድርድር እሺ ሲል ለቀቁት። ወሩ ሳያልቅ ፒቲቪዬ ላይ የስሪኤም መድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አስኪያጃቸውን ሉክ ሩስሌን ከአንድ ቀን በላይ ቢሮው ውስጥ አቆዩት። እዚያ ከ235 ሠራተኛ 110ሩ ሊቀነስ ነበር። ማርች 31 ደግሞ ግሬኖብል ላይ የካተርፒላር ሠራተኞች አራት አለቆችን ይዘው አሳደሩ። ቅነሳው 733 ሰው ነበር።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ሰውን በግድ ማቆየት ልክ አይደለም። ማሽንና ዕቃ ግን ሌላ ነው። ሠራተኛው ጉልበቱን የጨረሰበት ማሽን በሌሊት ተጭኖ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት የለበትም። ማን ይስማማል? ማን ይከራከራል?

ጥያቄው ይኸው ነበር። መልሱ ጎረፈ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር የተባለውን በየቁጥሩ ላስቀምጥ።

ቁጥር 1 በጨዋ ቋንቋ ነው የጀመሩት። ለረጅም ዘመን ፋብሪካ የሠሩ አባት ናቸው። አንድ ነገር አልገባኝም አሉ። አንድ ሥራ አስኪያጅ ተቆልፎበት ሲያድር ፖሊስ የት ነበር?

ቁጥር 2 የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የሚኖር፣ መጋዘን የሚሠራ ልጅ ነው። በፈረንሳይ ሕግ ሰውን በግድ መያዝ እስከ 20 ዓመት እንደሚያስቀጣ አስረዳ። የተያዘው ሰው ሰባት ቀን ሳይሞላው በፈቃድ ከተለቀቀ ግን ቅጣቱ ወደ 5 ዓመት እስራትና 75,000 ዩሮ ይወርዳል። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው። በተግባር ግን ባለሥልጣናቱ በር ሰብሮ መግባት ነገሩን እንደሚያባብሰው ስለሚያውቁ አደራዳሪ መላክ ይመርጡ ነበር። ፕሬዚዳንት ሳርኮዚ በአደባባይ ተቆጥተው ነበር። ብዙ ተራ ሰው ግን ድርጊቱን ባይወደውም የሠራተኛውን ብሶት ይረዳ ነበር አለ። ካፌ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ሁሉ የጎረቤቱ ልጅ ከተባረሩት አንዱ ነው።

ቁጥር 3 ላይ ክሩ ጋለ። ጸሐፊው እኛ አገር ሰው ከመኪና እንዲወርድ ተደርጎ እየታገተ ገንዘብ በሚጠየቅበት ዘመን ይህን ነገር እንዴት ለውይይት ታቀርባላችሁ ብሎ ተቆጣ። አጎቱ ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ተይዞ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ፣ ዕቁቡን ቀድሞ ወስዶ ነው ያስለቀቀው። አጎቱ ዛሬም ማታ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። አንድ ሰው ልሂድ ሲል አትሄድም ከተባለ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ያው ነው የሚል አቋም አለው።

ቁጥር 4 ይህን አልታገሰም። እንዴት ሁለቱን ታወዳድራለህ ብሎ መለሰለት። በ3ቱም የፈረንሳይ ፋብሪካዎች መሣሪያ አልነበረም። የስሪኤሙ ሥራ አስኪያጅ ማታ የባሕር ዛጎልና የድንች ጥብስ ቀርቦለት በልቷል። ጋዜጠኛ ውጭ ቆሞ ነበር። ማንም ሊገድለው አልመጣም። ለቁጥር 3 የተናገረበት ቃና ግን ደስ አላለኝም። አጎቱ ላይ የደረሰውን ላወራ ሰው ትንሽ ለስለስ ማለት ያስፈልግ ነበር።

ቁጥር 5 ራሱ ቁጥር 3 ተመልሶ የጻፈው ነው። እራት መብላቱ ነፃ ሰው አያደርገውም አለ። ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉት፤ በሩ ላይ የቆመው ሕዝብ ምን እንደሚያስብ አያውቅም። በዚህ እኔ ከቁጥር 3 ጋር ነኝ። እንግዲህ ቁጥር 3 እና ቁጥር 4 ወደ አሥር ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ቁጥር ያልሰጠሁት ስድብ ስለበዛበት ነው።

ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰችው ቁጥር 6 ናት። አለቃ ተቆልፎ ማደሩን ብቻ አይታችሁ ከዚያ በፊት የሆነውን ረሳችሁ ብላ ረዘም አድርጋ ጻፈች። የኮንቲኔንታልን ታሪክ ነው ያነሳችው። ክሌርዋ የሚባል ቦታ የጎማ ፋብሪካ ነበር። 1,120 ሠራተኛ ነበረው። በ2007 ኩባንያው ሰዓት ጨምራችሁ በሳምንት 40 ሰዓት ሥሩልኝ፣ ፋብሪካው ይቀጥላል አላቸው። ብዙዎቹ እያመማቸውም ቢሆን ተቀበሉ። እስከ 2012 ሥራችን አለ ብለው ቤት የገዙ፣ ብድር የገቡ ነበሩ። ከዚያ ማርች 11 ቀን 2009 ፋብሪካው እንደሚዘጋ ተነገራቸው።

ሠራተኛው መጀመሪያ የሄደው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ቁጥር 6 ደጋግማ ነው ያነሳችው። ኤፕሪል 21 ቀን ፍርድ ቤቱ መዝጋቱን አላግድም አለ። ዜናው ሲደርስ ኮምፒየን ከተማ የመንግሥት አስተዳደር ቢሮ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ኮምፒውተሩን፣ ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን ሰባበሩት። ቴሌቪዥን ያንን ደጋግሞ አሳየ። ከዚያ በኋላ ጁን ላይ ስምምነት መጣ፤ ከሕጉ ካሳ በላይ ለእያንዳንዱ 50,000 ዩሮ። ፋብሪካው ግን ተዘጋ። ስድስት ሠራተኞችም ወህኒ ወረዱ ብላ ጨረሰች።

ቁጥር 7 አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ደግ አደረጉ፣ ከዚያ በፊት ማን ሰማቸው የሚል።

ቁጥር 8 ሁለቱንም በትዕግሥት አረመ። ሕግ የተማረ ሰው ይመስላል። ስድስቱ የተፈረደባቸው በገደብ ነው፤ እስር ቤት አልገቡም። በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንንም አንስቶ ከ2,000 እስከ 4,000 ዩሮ መቀጮ አደረገው። ቀጥሎ የጻፈውን ሁለቴ አነበብኩት። በ2013 የኮምፒየን የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት የ680 ሠራተኞችን ጉዳይ አይቶ ስንብቱ በቂ ምክንያት የለውም ብሎ ፈረደ። ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ትዳር የፈረሰበት፣ ቤቱን የሸጠ አለ። ሠራተኛው ያኔ ቢሮ ውስጥ ሲጮኽ የነበረው ነገር እውነት መሆኑን ሕጉ ራሱ አመነ። ግን መቼ?

እዚያው ላይ አሚያን ከተማ የነበረውን የጉድይር ጎማ ፋብሪካ ጨመረ። በጃንዋሪ 2014 ሁለት አለቆች 30 ሰዓት ያህል ተይዘው ቆዩ። 1,143 ሰው ሥራ ሊያጣ ነበር። ኩባንያውም የተያዙት ሰዎችም ክሳቸውን አንስተው ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ቀጠለ። በጃንዋሪ 2016 በስምንት ሠራተኞች ላይ 24 ወር ተፈረደ፤ ዘጠኙ ወር የሚታሰሩበት ነው። ከዓመት በኋላ በይግባኝ አንዱ ነፃ ወጣ፣ የሰባቱ ቅጣት በገደብ ሆነ። ሊዮን ያለው ልጅ ከ2009 በኋላ መንግሥት መታገሡን እንዳቆመ የታየው እዚህ ነው ብሎ ሥሩ ጨመረ። ልብ በሉ፤ የተባረረው ከሺህ በላይ ሰው ነው፣ ፍርድ ቤት የቆሙት ግን ስምንት ናቸው። ትግሉ የሁሉም ነበር፣ ዋጋውን የከፈሉት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል።

ቁጥር 9 ላይ ቁጥር 1 የነበሩት አባት ተመለሱ። እናንተ ልጆች ሊፕን አታውቁም ብለው በ1973 ቤዛንሶን ከተማ የነበረውን የሰዓት ፋብሪካ አወሩ። ጁን 12 ቀን ሠራተኞቹ የኩባንያውን አስተዳዳሪዎች ያዙ። ከአንዱ ቦርሳ ውስጥ ወረቀት ተገኘ። 480 ሰው እንደሚባረር ተጽፎበታል፤ ለሠራተኛው ግን አልተነገረም። እኩለ ሌሊት ገደማ አድማ በታኝ ፖሊስ ገብቶ አስተዳዳሪዎቹን አስለቀቀ። በእጃችን ያለው ምንድን ነው ብለው ያሰቡት ያኔ ነው። በዚያው ሌሊት 25,000 ያህል ሰዓት ከመጋዘን አውጥተው ደበቁ። በየቤቱ፣ በየገጠሩ። ከዚያ ፋብሪካውን ራሳቸው አስነሱት። ሰዓት ሠሩ፣ ሸጡ፣ ከሽያጩ ለራሳቸው ደመወዝ ከፈሉ። ሰው ከመላው ፈረንሳይ እየመጣ ይገዛቸው ነበር። ኦገስት ላይ ፖሊስ ፋብሪካውን ያዘ፤ ሥራው ግን በሌላ ቦታ ቀጠለ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ በዝናብ 100,000 ያህል ሰው ሰልፍ ወጣላቸው። በጃንዋሪ 1974 ስምምነት ተፈረመና ሠራተኛው ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኩባንያው ዳግም ከሰረ። አባታችን ያንንም አልደበቁም።

ይህ መልስ ለእኔ የክሩ ሁሉ ምርጥ ነው። ሰውን ሲይዙ እስከ እኩለ ሌሊት ነው የቆየላቸው። ሰዓቱን ሲይዙ ግን ወራት ታገሉበት። አለቃ በሌላ አለቃ ይተካል። ዕቃውን ግን ባንኩም፣ ደንበኛውም፣ አበዳሪውም ይፈልገዋል።

ቁጥር 10 ቺካጎ የምትኖር እህት ናት፤ ከእኔ አቋም ጋር ትስማማለች። ሪፐብሊክ ዊንዶውስ የተባለው የመስኮት ፋብሪካ ዲሴምበር 2008 ላይ ሠራተኛውን በሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ አሰናበተ። የአገሩ ሕግ 60 ቀን ይላል። ከዚያ በፊት ሠራተኞቹ ማሽን በሌሊት ሲጫን አይተው ተጠራጥረው ነበር። መኪናውን ተከትለው የሚሄድበትን አዩ። አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ እስር ምን እንደሚያስከትልባቸው ያውቃሉ። ቢሆንም 250 ያህሉ ፋብሪካው ውስጥ ተቀመጡ። ስድስት ቀን። ማንንም አልያዙም። ወለሉን ይጠርጉ፣ ማሽኑን ይጠብቁ ነበር። ያኔ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ከመንግሥት 25 ቢሊዮን ዶላር ተሰጥቶት፣ ለዚህ ፋብሪካ ግን ብድር ከልክሎ ነበር። ሕዝቡ በባንኩ ላይ ተነሳ። ኦባማም ሠራተኞቹ ልክ ናቸው አለ። በመጨረሻ 1.75 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ፤ የደመወዛቸውና የዕረፍታቸው ገንዘብ ተከፈለ። የፋብሪካው ባለቤት በኋላ በ2013 በስርቆት አራት ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት የተወሰኑት ሠራተኞች ማሽን ገዝተው የራሳቸውን የመስኮት ሥራ በኅብረት ሥራ ማኅበር ከፈቱ።

ቁጥር 11 ዋሽንግተን አካባቢ በአፕ ታክሲ የሚነዳ ነው። እኔ ማንን ልቆልፍ አለ። አለቃዬ ስልኬ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት አካውንቱ ተዘግቶ ጠበቀው፤ ተሳፋሪ አማርሮብሃል ይላል፣ ማን፣ መቼ፣ የሚል የለም። የሚደውልበት ቁጥር ላይ የሚያነሳው ሰው ያንኑ ጽሑፍ ያነብለታል። የመኪናው የወር ክፍያ ግን አይቆምም። ጓደኞቹ ኤርፖርት ላይ ተነጋግረው ለጥቂት ሰዓት አፑን አብረው አጥፍተው ነበር። ሌላ አሽከርካሪ መጥቶ ሥራውን ወሰደው። ወይ ፋብሪካ ቢኖረን አለ። አሳዘነኝ።

ቁጥር 12 እና 13 ወደ መኪና ኢንሹራንስና ታክስ የሚሠራ ሰው ፍለጋ ገቡ። ቁጥር 14 ይህ የሠራተኛ ጉዳይ ነው፣ ለዚያ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ ኮስተር አለ። ልክ ነው።

ቁጥር 15 እኔን ነው የተከራከረኝ። ዕቃ መያዝ ቀላል ይመስልሃል አለ። ደቡብ ኮሪያ፣ ፒዮንግቴክ፣ ሳንግዮንግ የመኪና ፋብሪካ፣ 2009። 2,646 ሰው ሊቀነስ ሲል ሠራተኛው ፋብሪካውን ይዞ 77 ቀን ተቀመጠ። ማንንም አላገቱም። ውሃ ተቆረጠባቸው። ሄሊኮፕተር ከላይ አስለቃሽ ፈሳሽ አፈሰሰባቸው። ኦገስት ላይ ተሸነፉ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከተባረሩትና ከቤተሰቦቻቸው መሐል ራሳቸውን ያጠፉና በበሽታ የሞቱ ወደ 30 ደረሱ። በ2013 ፍርድ ቤት 4.7 ቢሊዮን ዎን ካሳ እንዲከፍሉ አዘዘ። ይህን የሰማ አንድ ሰው 47,000 ዎን በፖስታ ላከ። 100,000 ሰው እንደዚህ ቢያዋጣ ይሞላል ብሎ ነው። ሌላው ሕዝብ ተከተለ፤ ቢጫ ፖስታ የሚባለው ዘመቻ ከዚያ ተነሳ።

ይህ ጠንካራ መልስ ነው። ያኔም የመለስኩለት ይህንን ነው፤ ዕቃ መያዝ ብቻውን አያሸንፍም። ቺካጎ ላይ ከተማው ሁሉ ከጎናቸው ነበር፣ ጥያቄውም የስድስት ቀን ጉዳይ ነበር። ፒዮንግቴክ ላይ ኩባንያውም መንግሥትም እስከ መጨረሻው ለመግፋት ቆርጠው ነበር፤ ሥራቸው ያልተነካባቸው ሠራተኞችም ከውጭ ተነሱባቸው። ሠራተኛው ለሁለት ከተከፈለ በር መዝጋት ራስን መቆለፍ ይሆናል።

ቁጥር 16 የክሩን አጭርና ከባድ መልስ ጻፈ። በ2012 ሕንድ ማኔሳር ላይ ማሩቲ ሱዙኪ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ በተነሳ ግጭትና ቃጠሎ አንድ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሞቷል። 148 ሠራተኞች ለዓመታት ተከሰው 31 ጥፋተኛ ተባሉ፣ 13ቱ የዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ 117ቱ ነፃ ወጡ። ከነፃዎቹ ብዙዎቹ ፍርዱ እስኪመጣ እስር ቤት ከርመዋል። ሰው የተቆጣ ሕዝብ መሐል ሲገባ ማንም ዋስ አይሆንም ብሎ ዘጋው። ቁጥር 4 ለዚህ መልስ አልሰጠም።

ቁጥር 17 ከእስራኤል ነው። ዲሴምበር 2017 ቴቫ የመድኃኒት ኩባንያ በዓለም ዙሪያ 14,000 ሰው እቀንሳለሁ ሲል የኢየሩሳሌም ፋብሪካ ሠራተኞች ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። የአገሩ የሠራተኛ ኅብረትም ግማሽ ቀን አድማ ጠራ፤ ባንክና ኤርፖርት ሳይቀር ቆመ። ቅነሳው ግን አልቀረም። ጸሐፊው አንድ ነገር አከለ። በኤጀንሲ የሚቀጠሩ ጽዳትና ጥበቃዎች፣ የእኛ ሰዎች የሚበዙበት ሥራ ማለት ነው፣ በቅነሳ ዝርዝር ላይ አይቆጠሩም። ዝም ብሎ ኤጀንሲው አትምጡ ይላል።

ቁጥር 18 ከባሕረ ሰላጤው አገር የጻፈች ናት። እኛ እዚህ ሥራ ካቆምን ወደ አገር የምንመለሰው በነጋታው ነው አለች። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። ለእሷ ስለ በር መዝጋት ማውራት ቅንጦት ነው።

ቁጥር 19 ከአገር ቤት መጣ። ጥያቄው ቀጥተኛ ነው። እህቱ የምትሠራበት ፋብሪካ ቅነሳ አለ እየተባለ ነው፤ ስሟ ዝርዝሩ ላይ ሳይኖር አይቀርም። እናንተ ስለ ፈረንሳይ ታወራላችሁ፣ እሷ ነገ ምን ታድርግ?

ቁጥር 20 መልሱን የሰጠው ያው ሕግ አዋቂው ቁጥር 8 ነው። ምንም ሳያካብድ ጻፈ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። በሥራ ችሎታና ምርታማነት የተሻለው ይቀራል፤ እኩል ከሆኑ ነው ወደ አገልግሎት ዘመንና ወደ ጥገኛ ብዛት የሚኬደው። ነፍሰ ጡሮችና የሠራተኛ ተወካዮች መጨረሻ ላይ ናቸው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለቀጣይ እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለሚሰናበት ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ አለው። አድማ ከሆነ ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል፣ የ10 ቀን ማስታወቂያም ይሰጣል።

ቁጥር 4 እዚህ ላይ ብቅ ብሎ ወረቀት ማንን አዳነ አለ። ሕግ አዋቂው አልተቆጣም። የኮንቲኔንታል ሠራተኞች በ2013 የረቱት እኮ በወረቀት ነው አለው፤ መስኮቱን የሰበሩበት ቀን ፍርድ ቤት አልረዳቸውም። ሁለቱም እውነት ነው። 50,000 ዩሮውን ያመጣው ጩኸቱ ነው፤ ስንብቱ አግባብ እንዳልነበረ ያስፈረደው ግን ፋይል ይዞ ዓመታት መመላለሱ ነው።

ቁጥር 19 እህቱ ማኅበር የላቸውም፣ ደብዳቤም ገና አልሰጧትም ብሎ ጻፈ። የተሰጣት ምክር ይህ ነው። ቃል ብቻ ተነግሯት ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርም። ደብዳቤው ሲመጣ የደረሰበትን ቀን ትጻፍበት። ክፍል ውስጥ ካሉት ጋር ሆነው ተወካይ ይምረጡ፣ አንድ ሰው ብቻ ፊት አይቁም። ስንብቱ አግባብ ካልሆነ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር። ቁጥር 3 ያው የተቆጣው ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በነፃ የሚያማክር የሕግ ድጋፍ ክፍል አውቃለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ አለው። ቅነሳ የደረሰባችሁ ወይም ደብዳቤ የመጣላችሁ ካላችሁ የድርጅቱን ስም ሳትጠቅሱ ቀኑንና ምክንያቱን ሥር ጻፉ፤ ቁጥር 8 እስከ ቅዳሜ ለመመለስ ቃል ገብቷል።